ለሜጋ ዳገት የተጨመረ ጉልበት

ጥር 29 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ነገሌ ቦረና

ዛሬም አፈሳ ነበር። ከገበያው በታች የጭነት መኪና አቁመው መንገዱን በሁለቱም ጫፍ ዘጉት። የልብስ ሰፊውን ወንድም ወሰዱ። ከቦሬ ገብስ ይዞ የመጣ አንድ ገበሬም ጫኑ፤ በቅሎዬን ማን ያይልኛል እያለ ሲለምን እሰማው ነበር። ልጄ ገብረአምላክ ጋራዡ ውስጥ፣ ከመኪና ሥር ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። መኪናዋን ከላዩ አላነሳኋትም፤ ወታደሮቹ በሩን አልፈው ሄዱ። ሲወጣ ፊቱ ዘይት በዘይት ሆኖ ይስቃል። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ምን ያስቀዋል ብዬ ተቆጣሁት። አሁን ሳስበው የሳቀው ከፍርሃት ነው።

ሚስቴ በዛብሽ ራት አልቀመሰችም። ያለን አንድ ልጅ ነው አለችኝ፣ እኔ የማላውቅ ይመስል።

የካቲት 5

ሁዳዴ ትናንት ገባ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጋራዥ ድረስ መጥቶ የሞተር ብስክሌቱን ካንዴላ አስቀየረኝ። ሥራው ሲያልቅ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ልጅህ የት ነው አለኝ። ቦሬ አክስቱ ዘንድ ነው አልኩ። የቦሬ ብርድ እንዴት ነው አለኝ። ደህና ነው አልኩ። ይህ ሰው የቤተሰቤን ልክ ከእኔ አሳምሮ ነው የሚያውቀው። ቦሬ አክስት እንደሌለን ያውቃል።

ገብረአምላክ አሁን የሚያድረው ዓብዱልወሃብ መጋዘን ውስጥ ከስኳርና ከቆዳ ጋር ነው። ዓብዱልወሃብን ጎረቤቴ ነው ማለት አይበቃም። አባቴ ከጎጃም በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው፤ የእሱ አባት ጨውና አቡጀዲ ይነግድ ነበር፤ እናቱ ጉጂ ናት። በአንድ አጥር ተጎራብተን አደግን። እኔ አማርኛ፣ እሱ ኦሮምኛ እንማማራለን ተባብለን፣ ይኸው ዛሬ ሁለታችንም ሁለቱንም እያደባለቅን እናበላሻለን። እስከ ዛሬ ዋሽቶኝ አያውቅም።

የካቲት 13

ዓብዱልወሃብ ከሞያሌ ተመለሰ፤ ፊቱ ገርጥቷል።

በዚያ መንገድ ሽፍታ ስለበዛ የጭነት መኪና ሁሉ የሚሄደው በወታደር ታጅቦ በኮንቮይ ነው። ከኮንቮዩ ያልተለየ መኪና ኬላ ላይ አይፈተሽም፤ ተቆጥሮ ያልፋል። ወደ ኋላ የቀረ ግን የኋላ ጠባቂዎቹ እጅ ይገባል። የእሱ መኪና ሜጋ ዳገት ላይ ቀረችበት። ጭነቱን አውርደው፣ ጆንያውን ወግተው፣ የረዳቱን ወረቀት አገላብጠው አይተው፣ ሲመቻቸው ለቀቁት።

ይህን የነገረኝ ለወሬ አይደለም። እሱ በሌለበት በዛብሽ ሚስቱን ሸምሳን ልጄን አሻግሩልኝ ብላ ለምናት ኖሯል። እኔ አልሰማሁም ነበር። የሚስቴን ልመና ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ አፈርኩ፤ ልለምን የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

«ወስደዋለሁ» አለኝ። «ረዳቴ ነው እላለሁ። የሸምሳ ወንድም ሀሺ በኬንያ በኩል ሆኖ ይቀበለዋል። ግን ቢሬ፣ ይቺ መኪና ሜጋ ላይ እንዳሁኑ ከጣለችኝ፣ ልጅህን በእጄ ወስጄ ማስረከቤ ነው። እሱን አላደርግም። ወላሂ አላደርግም።»

«አትጥልህም» አልኩት።

ምን ይዤ እንዳልኩት እንጃ።

የካቲት 18

መኪናዋን ሙሉ ቀን አየኋት። ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ከድርቁ በኋላ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ የተገዛች። እዚህ ከተማ ቱርቦ ያላት የጭነት መኪና እሷ ብቻ ናት። ሞተሯ አልደከመም። ፒስቶኑ ደህና፣ ፖምፓው ደህና። ሲሠሯት ቆጥበው የሠሯት ናት። ቱርቦው የሚያስገባላት አየር ገና ይተርፋታል፤ የሚያንሳት የሚቃጠለው ናፍጣ ነው።

የካቲት 19

አገኘሁት። ትልልቅ ኖዝል።

ከሶማሌ ጦርነት ወዲህ ጓሮዬ የተጣለ የከባድ ጦር መኪና ሞተር አለ። ዶሮ ይፈለፈልበታል። ኖዝሎቹን ፈትቼ አየሁ፤ አካላቸው ከዓብዱልወሃብ መኪና ጋር አንድ ነው፤ ቀዳዳቸው ግን ሰፊ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በደስታ ነው።

የካቲት 22

በዛብሽ ምንድን ነው እንዲህ የሚያጣድፍህ አለችኝ። አንዱን ኖዝል መዳፏ ላይ አስቀምጬ አሳየኋት። ይህ ናፍጣውን በቀጫጭን ቀዳዳ አድርጎ እንደ ጉም ወደ ሞተሩ የሚረጭ ነው፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ናፍጣው ይበዛል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ አየር ስለማይቸግረው የሰጡትን ሁሉ ያቃጥላል፤ ጉልበት ማለት ይኸው ነው አልኳት። አገላብጣ አየችውና ይህችን ታህል ነገር ልጄን ታሻግራለች አለች። ታሻግራለች አልኳት። ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር እንዲህ ቁጭ ብለን ካወራን።

ሦስቱ ያንጠባጥባሉ። መርፌያቸውን በቅባት አሽቼ፣ በእጅ ፖምፓ እየሞከርኩ፣ አሽቼ፣ እየሞከርኩ ዋልኩ። የቀሩት ያምራሉ። ሲረጩ ድምፃቸው ራሱ ጭርር ይላል። እዚህ አገር ይህን የሚሠራ ከእኔ በቀር ማን አለ? ጉራ አይደለም። ሹማምንቱ እንኳ መኪናቸው ሲታመም ወደ እኔ ነው የሚልኩት።

የካቲት 28

ገጠምኳቸው። ዓብዱልወሃብ ሸክላ ጭኖ በሰሜን መውጫው ዳገት ሞከራት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። በሁለተኛ ማርሽ ትወጣ የነበረችውን ዳገት በሦስተኛ ወጣችው። ከኋላ የምታወጣው ጭስ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው። መንገድ ዳር የቆሙ ሾፌሮች አጨበጨቡ። እዚህ ጭስ የጠቆረለት መኪና ጉልበታም ነው ይላሉ። እኔ ጭሱ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ግን ሰው ሲደሰት ማን ያስተምራል?

ዓብዱልወሃብ እንደ ልጅ ሳቀ። ሲመለስ ግን መሪውን እንደያዘ ዞር ብሎ ጠየቀኝ።

«ናፍጣ ትጨምራለች?»

«የሚሰማህ አይደለም» አልኩት።

መጋቢት 3

ልክ ነው፣ ትጨምራለች። ግን ምን ያህል? ዳገት ላይ በርከት ይላል፤ ሜዳ ላይ እምብዛም ነው። ለኮንቮዩ መኪና ሁሉ በኩፖን የሚታደለው እኩል ነው፤ ያቺኑ ይዞ ነው የሚሄደው። አይበቃውም እንዳልል ይበቃዋል። ከጎደለውም ቁልቁለት ላይ ያካክሳል። የእኛ አገር ሾፌሮች ልማድ ነው፤ ዳገቱን ጨርሰው አናቱ ላይ ሲደርሱ ሞተር ያጠፋሉ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማርሽ አውጥተው፣ ያለ ናፍጣ ይንሸራተታሉ። በአሮጌዎቹ መኪናዎች ያደጉበት ነው። ኩፖን ከመጣ ወዲህማ ሃይማኖት አድርገውታል።

ችግሩ ቱርቦ ይህን አይወድም። ዳገት የወጣ ቱርቦ እሳት ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ዘይት የሚመጣለት ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። ሳያሳርፉት ካጠፉበት ዘይቱ እዚያው ይነድና ዘንጉ ይያዛል። እስከ ዛሬ በትንሹ ኖዝል ስለሆነ ችሎታል። አሁን ግን ሙቀቱ ሌላ ነው።

ለዓብዱልወሃብ መንገር አለብኝ። ዳገቱን ስትጨርስ ሞተሩን ትንሽ አሳርፍ፣ አታጥፋ፣ ማለት ብቻ ነው። ግን ለምን ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ስለ ሙቀቱ፣ ከዚያ ስለ ናፍጣው። ከዚያ ኩፖኑን ያሰላል። ነጋዴ ነው፤ ስሌት ይችላል። አይበቃኝም፣ ሌላ ጊዜ ይሁን ካለኝስ?

የሚነሳበት ቀን ሲደርስ እነግረዋለሁ።

መጋቢት 6

ሊቀመንበሩ ዛሬ ጋራዥ አልመጣም። ሁለት ታጣቂ ልኮ ቤቴን አስፈተሸ። በዛብሽ ሊጡን ትታ ቁጭ አለች። አልጋ ሥር፣ ጣሪያ ላይ፣ የዶሮውን ቤት ሳይቀር። አንደኛው ሲወጣ ገብረአምላክ ተማሪ ሳለ የተነሳውን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ ወሰደ። ለምን ይሆን ፎቶውን?

መጋቢት 8

ረመዳን ዛሬ ጀመረ። እኛም በጾም፣ እነሱም በጾም። ዓብዱልወሃብ እንግዲህ ከተማው በሙሉ ተርቧል፣ ወታደሩ ብቻ ነው የሚበላው ብሎ ቀለደ። ገብረአምላክን መጋዘን ሄጄ አየሁት። ከስቷል። አባባ፣ ኬንያ ጋራዥ እከፍታለሁ፣ ያንተን ስም ነው የምሰጠው አለኝ። መጀመሪያ ቁልፍ አያያዝ ተማር አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት አላውቅም። ደህና ነው የሚይዘው፤ እንዲያውም ጥሩ ነው።

መጋቢት 12

ሄዱ።

ገና ሳይነጋ መኪናው ሁሉ ተሰልፏል። ገብረአምላክ የረዳት ካፖርት ለብሶ ጎማ በእግሩ ይመታል፤ አላየኝም፤ አትየኝ ብዬዋለሁ። ለዓብዱልወሃብ የምነግረው ነበረኝ። መስኮቱ ጋ ደረስኩ። አዛዡ ፊሽካ ነፋ፤ የፊተኞቹ ተንቀሳቀሱ። እጁን ያዝኩና «አደራ» አልኩት። «አደራህን ተቀብያለሁ» አለኝ፤ ሄደ።

አደራ ስል ሁሉም ነገር ገብቷል። ልጁም፣ መኪናዋም፣ አነዳዱም።

መጋቢት 13

ምንም። ዛሬ አሬሮ ይደርሳሉ።

መጋቢት 14

ዛሬ ሜጋ። አንድ ብሎን ሰበርኩ።

መጋቢት 15

ምንም። በዛብሽ ሀሺ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ልጃችን ቤቱ የጾም ምግብ የሚያገኝ ይመስልሃል አለች። አሁን ሞያሌ ነው ብላ አምናለች። አላስቆምኳትም።

መጋቢት 17

ሸምሳ ነጠላዋን መሬት እየጎተተች መጣች። በሩ ላይ ስትቆም አወቅሁ።

ከኮንቮዩ ቀድሞ የተመለሰ ሾፌር ነው የነገራት። መኪናዋ ሜጋን ከሁሉም ፊት ወጣች አለ። ሰው ጉድ አለ። ዓብዱልወሃብ አናቱ ላይ ሲደርስ የናፍጣውን ልክ አየና ደነገጠ፤ የደርሶ መልሱን ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ከግማሽ በታች ወርዶበታል። እዚያው ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን በፎሌ ለቀቃት። ታች ሲደርስ ሲያስነሳት ነጭ ጭስ አፈነችው፤ አልጎትት አለች። ኮንቮዩ ጥሎት ሄደ። የኋላ ጠባቂዎቹ ደረሱ። ረዳቱን ወረቀት አሉት። ከመካከላቸው አንዱ ኪሱ ውስጥ ፎቶ ነበረው።

ሁለቱንም ወሰዷቸው። ሸምሳ «ጋሼ ቢረሳው፣ አባወራዬን ያጠፋው ናፍጣ እቆጥባለሁ ማለቱ ነው፤ ይቅር በሉት» አለችኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። በዛብሽ ወደ ጓዳ ገባች።

አደራ ብዬው ነበር።

መጋቢት 19

ገብረአምላክን እዚህ አመጡት፤ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ነው። በአጥሩ በኩል ሄድኩ፤ ተመለስ አሉኝ። ዓብዱልወሃብ ወህኒ ቤት ነው።

ያን ዕለት በጉድጓዱ ጉዳይ መቆጣቴ አሁን ያንገበግበኛል። ቁልፍ አያያዝ ተማር ማለቴም። ምን ዓይነት አባት ነኝ? ሌላው ሰው ልጁን ሲሸኝ ይመርቃል።

መጋቢት 24

መኪናዋን ጎትተው አምጥተው ጋራዤ ግቢ አቆሟት። ሌላ የሚያውቃት የለማ። አንድ መቶ አለቃ አብሮ መጣ። የጠረጠሩት ይህ ነው፦ ዓብዱልወሃብ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ቀርቶ ልጁን ከመንገድ ሊያወርደው ነበር፣ መኪናዋን ያበላሸውም አውቆ ነው። አውቆ ከሆነ ጉዳዩ ክህደት ነው፤ በክህደት የተያዘ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። እየው ብሎኝ ነገ እመለሳለሁ አለ።

ቱርቦውን ፈታሁ። እንደገመትኩት ነው፤ ዘንጉ ተይዟል፣ ዘይቱ ከሰል ሆኗል።

ከዚያ ኖዝሎቹን አወጣሁና የድሮዎቹን መለስኩ። ለጥንቃቄ ነው። ከጦር መኪና የተወሰደ ዕቃ ቢያገኙ እኔን ብቻ ሳይሆን ዓብዱልወሃብንም የባሰ ያስጠይቀዋል።

መጋቢት 25

መቶ አለቃው መጣ። አስረዳሁት። መኪናዋ በተንኮል አልተበላሸችም፤ ሾፌሩ ሳያሳርፍ ሞተር ስላጠፋ ነው፤ የልማድ ስህተት ነው አልኩ። ይህንን ያውቅ ነበር ወይ አለኝ።

«አስጠንቅቄው ነበር» አልኩ።

መቶ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ስህተት ከሆነ እንግዲህ ክህደቱ ይነሳል፤ የሚቀረው ሰው መደበቅ ብቻ ነው አለ። ስለዚህ የእኔ ቃል ዓብዱልወሃብን ከሞት አውጥቶታል ማለት ይቻላል። ይህንን ለሸምሳ ነገርኳት፤ እጄን ልትስም ነበር።

መጋቢት 29

ፋሲካ። በግ አላረድኩም። ቄሱ መጥተው መረቁን። ጦር ሰፈሩ በር ላይ በዛብሽ ዶሮ ወጥ ይዛ እስከ እኩለ ቀን ቆመች፤ ተቀበሏት፤ ለእሱ ይስጡት ይብሉት እንጃ።

ሚያዝያ 4

ገብረአምላክን ከታፈሱት ጋር ወሰዱት። መኪናዎቹ በሰሜን መውጫ ሲወጡ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ወጣ። ሸራ ስለለበሱ ማን የት እንዳለ አይታይም። እናቶች በሁሉም መኪና ላይ ስም ይጠራሉ። በዛብሽ «ገብሬ» አለች፤ ከሦስተኛው መኪና አንድ እጅ ወጣ። የእሱ እጅ ነው አለች። የእሱ ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ ነው አልኳት።

ሚያዝያ 8

ዒድ ነው። ባሏ ታስሮ ሸምሳ ሩዝና ሥጋ ላከችልን። በዛብሽ ሳህኑን ተቀብላ አስቀመጠች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንደቆመች ጠየቀችኝ።

«ለእኔ ቀዳዳው ሲሰፋ ናፍጣው ይበዛል ብለኸኝ ነበር። ለእሱም ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«እንዳያጠፋውም?»

«በዛብሽ፣ ነግሬዋለሁ አልኩ።»

ዳግመኛ አልጠየቀችም። ነግሬዋለሁ። የሚነሱ ዕለት በመስኮት በኩል። ድምፁ ብዙ ነበር፣ ሞተሩ ሁሉ ተነስቷል፤ ምናልባት አልሰማኝ ይሆናል እንጂ ተናግሬያለሁ መሰለኝ።

ግንቦት 3

ሥራ የለም። ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ሁሉ መጥፎ ነው። ከልጁ ምንም።

ሾፌሮቹ ጋራዥ መጥተው ስለ ዓብዱልወሃብ ያወራሉ። ሰውዬው እኮ እልኸኛ ነው፣ አስጠንቅቀውት አልሰማም ይላሉ። አንዱ አይደለም ወይ ጋሼ ቢረሳው ሲለኝ እንግዲህ የሆነው ሆነ አልኩ።

ግንቦት 13

ራዲዮው ፕሬዚዳንቱ አገር ለቀው ሄዱ አለ። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ሊቀመንበሩ ከሰዓት በኋላ አልታየም፤ ሞተር ብስክሌቱም አልታየችም።

ግንቦት 22

ወታደር በወታደር ሆነ። ከሰሜን በእግሩ፣ በመኪና፣ በአህያ። ሁሉም ወደ ሞያሌ፣ ወደ ኬንያ። ጠመንጃውን በዳቦ ይለውጣል። በዛብሽ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ፊት ፊታቸውን ታያለች፤ ውሃ ትሰጣቸዋለች፤ ከየት ክፍል ነህ ልጄ ትላለች። ከጠዋት እስከ ማታ። ተይ አልላትም። እኔም በጋራዡ በር በኩል አያለሁ።

አሁን ያ መንገድ ክፍት ነው። ማንም ማንንም አይፈትሽም።

ግንቦት 25

ወህኒ ቤቱ ተከፈተ፤ ጠባቂዎቹ ጥለውት ሄዱ። ዓብዱልወሃብ ቤቱ ገባ አሉ። ታሟል። መሄድ ነበረብኝ። በአጥሩ በኩል ሳሉን እሰማለሁ። ነገ።

ሰኔ 2

አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ።

ሥራ የለኝም፤ ምን እዋሻለሁ።

ሰኔ 10

ከተማ የሚባል የእኛ ሰፈር ልጅ ተመለሰ። ከገብረአምላክ ጋር በአንድ መኪና የሄደ ነው። እግሩ ቆስሏል። በዛብሽ ገና ስታየው ቁጭ አለች፤ እሱም ቁጭ አለ።

ሥልጠና ብሎ ነገር አልነበረም አለን። ጠመንጃ መፍታትና መግጠም አሳይተው ወሰዷቸው። ግንቦት ሲገባ ነው። ከባድ መሣሪያ መታቸው። ገብረአምላክ ከእሱ በስተቀኝ ነበር። ሲዞር አልነበረም። የቀረውን አልናገርም አለ፤ በዛብሽ ንገረኝ አለች፤ ነገራት። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁና ተቀመጥኩ። ልጄን አጣሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሰኔ 14

ለቅሶ ተቀምጠናል። ከተማው ሁሉ መጣ። ሸምሳ ሌት ተቀን እዚሁ ናት፤ ውሃ ትቀዳለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ዓብዱልወሃብ ብቻ አልመጣም። ሸምሳ ፊታችሁ መቆም አልቻለም አለች።

ሰኔ 23

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ።

ከሰዓት በኋላ በር ላይ ሰዎች ቆሙ። የጉጂ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ኦቦ ዲዳ ከፊት። ሁሉም እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ከኋላቸው አንዲት ጊደር ትጎተታለች። ከአጥሩ ውጭ፣ ራሱን አጎንብሶ፣ ዓብዱልወሃብ ቆሟል። ሲጠሩት እንጂ አይገባም። እዚህ አገር ሥርዓቱ ነው፤ ሰው በእጁ ላይ አደራ ተቀብሎ ነፍስ ከጠፋበት፣ ገዳይ ባይሆንም፣ ሽማግሌ ልኮ ሣር ይዞ ይመጣል። የእናቱ ወገኖች ናቸው ይዘውት የመጡት። አንድ ነፍስ በጊደር አይመለስም፤ የሚመለሰው ሰው ከሰው ጋር መኖሩ ነው።

ኦቦ ዲዳ አካም፣ ናጋ ብሎ ሰላማችንን ጠየቀን፤ ናጋ አልነው። በረጅሙ መረቀ። ከዚያ ዓብዱልወሃብን ጠራው። ሲገባ አላወቅሁትም፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አይቆምም። ኦቦ ዲዳ ያለህን ተናገር አለው።

«ቢረሳው ልጁን አደራ ሰጠኝ» አለ ዓብዱልወሃብ። ወደ መሬት ነበር የሚያየው። «መኪናዋንም አጠንክሮ ሰጠኝ። ሞተሩን ቶሎ እንዳታጠፋ ብሎኝ ነበር። እኔ ሲለኝ አላስታውስም። ወህኒ ቤት ሳለሁ ነው የሰማሁት። ቁጭ ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ግን ቢረሳው ነግሬዋለሁ ካለ ነግሮኛል። እሱ አይዋሽም። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ለጥቂት ናፍጣ ብዬ ልጁን አጠፋሁበት።»

በዛብሽ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። እሱን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው።

መናገር እችል ነበር። ይህንን ለራሴ አልክድም። አፌን ከፍቼ ነበር። ኦቦ ዲዳ ግን ሣሩን ወደ እኔ ዘረጋና «አባ ገብረአምላክ፣ እንግዲህ ያንተን ቃል እንስማ። ከተቀበልክ ሣሩን ያዝ» አለ። ሽማግሌው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በእርጅና። ብዙ ማስጠበቅ ነውር መሰለኝ።

ሣሩን ያዝኩ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

ዓብዱልወሃብ እጄን ይዞ ሳመው፤ ግንባሩን እጄ ላይ ጥሎ አለቀሰ። አብረን ነው ያደግነው፤ እድሜያችን አንድ ነው፤ እጄን ሊስም አይገባም ነበር። አልከለከልኩትም። እኔም አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹ ሁለታችንን ይዘው መረቁ። ዞር ስል በዛብሽ በሩ ላይ አልነበረችም።

ሰኔ 24

ጊደሯ ግቢ ውስጥ ናት። በዛብሽ አልነካኋትም፣ ውሃም አልሰጠኋትም፣ ያንተ ናት አለችኝ። ከትናንት ወዲህ ያናገረችኝ ይህንን ብቻ ነው።

ሰኔ 25

ዓብዱልወሃብ ጠዋት መጣ። ፊቱ ትንሽ ወዝ መልሷል። ግቢዬ የቆመችውን መኪና ዞሮ ዞሮ አያት፤ መከለያዋን በእጁ ዳሰሳት። መንገዱ አሁን ክፍት ነው፣ ልጆቼን ማብላት አለብኝ፣ ቱርቦውን ሥራልኝ አለ። አዋሳ የተሻለ ጋራዥ አለ፣ እዚያ ብትወስዳት ይሻላል አልኩት። ከአንተ ሌላ ሰው አላምንም አለኝ።

ሊሄድ ሲል ተመለሰ።

«እነዚያን ኖዝሎች ግን እንዳትነካብኝ» አለ። «ሜጋን ስትወጣ ብታያት። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ይህንን አባቴ ነው የሠራው ይል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የጉልበቷ አይደለም።»

እሺ አልኩት፤ ካወጣኋቸው ሦስት ወር ሆኗል። ነገ እጀምራለሁ።